መታየት የማይፈልግ አውሬ

የሰው ልጅ አውሬን ሲፈራ ከኖረባቸው ብዙ ሺህ ዓመታት ጋር ሲነጻጸር፣ አውሬን ለማየት ገንዘብ ከፍሎ መሄድ የጀመረበት ዘመን የትናንት ያህል ነው። አያቶቻችን መንገድ ሲጠይቁ አንበሳ የሌለበትን ነበር የሚጠይቁት፤ እኛ ደግሞ አንበሳ ያለበትን እንጠይቃለን። እነሱ ጅቡ እንዳይገባ በር ይዘጉ ነበር፤ እኛ ጅቡ እንዳይወጣ በር እንዘጋበታለን። ይህ ለውጥ እንዴት እንደመጣ የታሪክ ሰዎች ይመርምሩት። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ለመሆኑ አንድን ሕያው ፍጡር "ሄጄ ልየው" ብሎ መነሳት ምን ዓይነት ሥራ ነው? ደግ ነው? ክፉ ነው? ወይስ ደግም ክፉም የማይባል ተራ መዝናናት?

ጥያቄው ከመጽሐፍ ገጽ ላይ ዘሎ የመጣብኝ አይደለም። እዚህ ሆሳዕና፣ እኔ በምኖርበት ሰፈር ያሉ ወላጆች በመንፈቅ ዓመቱ የትምህርት ዕረፍት ልጆቻቸውን "አውሬ እናሳያቸው" ብለው ተስማሙ። ገንዘብ አዋጡ፤ ለሠላሳ ልጅ የሚበቃ አውቶቡስ ለመከራየት ዋጋ ጠየቁ። ዕቅዱን የማውጣቱ ሥራ ደግሞ "አንተ ጋዜጠኝነት ተምረሃል፣ አገርም ታውቃለህ" ተብሎ ለእኔ ተሰጠ። ከእነዚህ ልጆች ለአብዛኞቹ ይህ ጉዞ በልጅነታቸው የሚያገኙት ብቸኛው ሊሆን እንደሚችል ሁላችንም እናውቃለን። የጤፍና የዘይት ዋጋ ወላጅን በሚያስጨንቅበት ጊዜ እንዲህ ያለ ወጪ በየዓመቱ አይወጣም። ስለዚህ ምርጫው የሽርሽር ምርጫ ብቻ አይደለም። አንድ ልጅ "አውሬ" ሲባል ዕድሜ ልኩን በዓይነ ሕሊናው የሚመጣበትን ሥዕል የመምረጥ ጉዳይ ነው።

ሁለቱ መንገዶች

ከሆሳዕና የሚነሱ ሁለት መንገዶች ከፊቴ ተዘረጉ። አንደኛው ወደ ሰሜን ሄዶ፣ ወራቤንና ቡታጅራን አልፎ፣ ከ230 ኪሎ ሜትር ያህል ጉዞ በኋላ አዲስ አበባ የሚገባው ነው። መድረሻው በመስከረም 2012 ዓ.ም. በምኒልክ ቤተ መንግሥት ግቢ የተከፈተው የአንድነት ፓርክ ነው፤ እዚያ ጥቁር ጎፈር ያላቸው አንበሶች አሉ። ሁለተኛው በከምባታ ከተሞች በኩል አድርጎ ወደ ሐላባ ቁሊቶ ይወርድና፣ ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው አስፋልት ላይ አጄ ከምትባለው ከተማ ወደ ሰንቀሌ የቆርኬ መጠለያ ይታጠፋል። በዚህኛው መንገድ አንበሳ አናይም። የምናየው ቆርኬ ነው፤ ከላም አነስ፣ ከሚዳቋ ተለቅ የሚል፣ ፊቱ የረዘመ፣ ቀንዱ ወደ ኋላ የታጠፈ፣ ቡናማ የሣር አውሬ። እሱም ቢገኝ ነው። አጥር አያግደውም፣ ሰዓት አያከብርም፣ ቀጠሮ አይቀበልም።

ከወላጆቹ መካከል ረጅም ዘመን ያስተማሩ አንድ አዛውንት መምህር አሉ። ያለ ማወላወል የመጀመሪያውን መረጡ። "ስማ ልጄ" አሉኝ፤ "ይህን ሁሉ ሕፃን ሜዳ ለሜዳ አዙረህ ምንም ሳያይ ብትመልሰው ወላጁ ምን ይልሃል? አዲስ አበባ ውሰዳቸው። እዚያ አንበሳው የትም አይሄድም።" "እርሱማ ልክ ነው ጋሼ" አልኳቸው።

ልክ ነበሩ። ሆኖም "የትም አይሄድም" የምትለው ቃል ከጆሮዬ አልወጣ አለች። መምህሩ የተናገሯት እንደ ዋስትና ነው። ቃሏ ግን በአንድ ፊቷ ዋስትና፣ በሌላው ፊቷ ክስ ናት። የምናየው መኖሩ የተረጋገጠልን፣ የሚታየው የመሄድ ነገር ስለተነፈገው ነው። እኛ ለአንድ ሰዓት እርግጠኛ እንድንሆን እሱ ዕድሜ ልኩን ይቆማል። እስቲ ይህን ሒሳብ በእርጋታ እንመልከተው።

የትም የማይሄድ አንበሳ

የአዲስ አበባን ስድስት ኪሎ ያየ ሰው አንበሳ ግቢን ያስታውሳል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1940 ዓ.ም. ያቋቋሙት ይህ ግቢ፣ ለብዙ ዓመታት ከክፍለ ሀገር የመጣ ሰው "አዲስ አበባ ደርሻለሁ" ለማለት ፎቶግራፍ የሚነሳበት ቦታ ነበር። የመጀመሪያዎቹ አንበሶች ሰባት እንደነበሩና ከደቡብ ምዕራብ የአገራችን ክፍል እንደተያዙ ይነገራል። ከዚያ በኋላ የመጡት ሁሉ እዚያው ተወልደው፣ እዚያው አርጅተው፣ እዚያው የሞቱ ናቸው። ጫካን በዘር ትዝታ ካልሆነ በቀር አያውቁትም።

በኅዳር 1999 ዓ.ም. የዓለም የዜና ማሰራጫዎች ከዚህ ግቢ አንድ አሳዛኝ ወሬ አወሩ። ቦታና ገንዘብ ስላጠረ ከሚወለዱት ደቦሎች አንዳንዶቹ በመርዝ እንደሚገደሉና በድናቸው ቆዳ ሞልተው ለጌጥ ለሚያዘጋጁ ሰዎች እንደሚሸጥ የግቢው ኃላፊ ራሳቸው ለጋዜጠኞች ተናገሩ። ዜናው ብዙ ሰው አስቆጣ። እኔ ግን ወደ አንድ ሰው ጣት መቀሰሩ ብዙ የሚረዳ አይመስለኝም። በቂ በጀት ያልተሰጠውና ግቢውን ማስፋት ያልቻለ ሠራተኛ፣ በየዓመቱ የሚወለደውን አንበሳ የት ያድርሰው? ጥፋቱ የሚጀምረው ከመርዙ አይደለም፤ አንበሳ በቁጥር "የሚተርፍበት" ቦታ ከመፍጠራችን ነው። በዱር የሚኖር አንበሳ ሊራብ፣ ሊቆስል፣ ሊሞት ይችላል። ነገር ግን በዱር ማንም አንበሳ "ትርፍ" ተብሎ አያውቅም። ትርፍ የሚባለው ዕቃ ነው።

የነገሩ ምፀት ደግሞ ከዚያ በኋላ መጣ። በ2005 ዓ.ም. መጀመሪያ የውጭ ተመራማሪዎች የዚህን ግቢ 15 አንበሶች ዲ ኤን ኤ መርምረው ውጤቱን አሳተሙ። እነዚህ አንበሶች በጥናቱ ከተነጻጸሩት የሌላ አገር አንበሶች በዘራቸው የተለዩ ሆነው ተገኙ፤ እንዲጠበቁም ተመከረ። እንግዲህ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ቦታ አጣበበ ተብሎ የተጣለው ደቦል በዓለም እምብዛም የማይገኝ ዘር ነበር ማለት ነው።

ይህ ታሪክ ለሁለቱም ወገን ይመሰክራል። "መካነ እንስሳት ክፉ ነው" የሚል ሰው የተመረዙትን ደቦሎች ይጠቅሳል። "መካነ እንስሳት ያስፈልጋል" የሚል ሰው ደግሞ ያ ግቢ ባይኖር ኖሮ ያ ዘር እስከ ዛሬ ይቆይ ነበር ወይ ብሎ ይጠይቃል። ሁለቱም እውነት ይዘዋል። ስለዚህ ጥያቄው "አጥር ይኑር አይኑር" ከሚለው አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ መግባት አለበት፤ አጥሩ የተሠራው ለማን ነው? ለእንስሳው ወይስ ለተመልካቹ?

አንበሳን ማሰር የሚያኮራን ለምንድን ነው?

"ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" እንላለን። ምሳሌው ስለ ኅብረት ነው፤ ነገር ግን የኅብረትን ታላቅነት ለማሳየት የተመረጠው ሥራ ምን እንደሆነ ልብ በሉልኝ፤ ማሰር። አንበሳ በሳንቲማችን ላይ አለ። በአውቶቡሳችን፣ በጫማ ፋብሪካችን፣ በባንካችን ስም አለ። በሐላባና በአካባቢው በሚገኙ የሣር ቤቶች ግድግዳ ላይ እንኳ፣ በቀይና በጥቁር አፈር ቀለም ተሥሎ የቆመ አንበሳ አይጠፋም፤ የቤቱ ባለቤት ምናልባት በሕይወት ዘመኑ አንድም አንበሳ አላየ ይሆናል። የአንበሳን ኃይል እንወዳለን። ነገር ግን የምንወደው የእኛ ሲሆን ነው።

አውሬን ማሳየት ከጥንትም የሥልጣን ቋንቋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1882 ገና የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ ለፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ለዡል ግሬቪ አንድ የሜዳ አህያ በስጦታ ላኩ። እንስሳው ፓሪስ ከደረሰ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። የፈረንሳይ ሊቃውንት ሲመረምሩት ከሌሎቹ የሜዳ አህያ ዓይነቶች የተለየ ሆኖ አገኙትና በፕሬዚዳንቱ ስም ሰየሙት። ይህ የእኛ ምድር እንስሳ እስከ ዛሬ በዓለም ቋንቋዎች የሚጠራው እሱን በተቀበለው ሰው ስም ነው። የሰንቀሌውም ቆርኬ ዕጣ ተመሳሳይ ነው፤ በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ በሶማሌ ምድር ሲጓዝ መንጋውን ባየ ስዌይን በተባለ እንግሊዛዊ መኮንን ስም ይጠራል። አይቶ ያለፈው ስሙን ተከለ። አብሮ የኖረው እረኛ ግን በምንም መዝገብ ላይ የለም።

ከዚህ ሁሉ የተለየ አንድ ሥዕል በየቤታችንና በየቤተ ክርስቲያናችን ተሰቅሎ አለ። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን አስታውሱ፤ ረጅም ጢም ያላቸው፣ ግራና ቀኛቸውን አንበሶችና ነብሮች ያሉበት። በዚያ ሥዕል ላይ ሰንሰለት የለም፣ አጥርም የለም። ሠዓሊው ሊነግረን የፈለገው ቅድስና፣ አውሬው መሄድ እየቻለ አለመሄዱ ነው። በእስልምናም ትውፊት ድመቷን ዘግታባት፣ ሳታበላትም ፈልጋ እንድትበላ ሳትለቃትም የገደለቻት ሴት ስለዚያች አንዲት ድመት እንደተቀጣች ይነገራል። ሁለቱ ሃይማኖቶች ጎን ለጎን በሚኖሩበት በእኛ አገር፣ የታሰረ እንስሳ ጉዳይ ከፈረንጅ የመጣ ቅንጦት ነው የሚል ሰው ካለ፣ የገዛ ቤቱን ግድግዳ ቀና ብሎ ይመልከት።

ማየት ምንድን ነው?

የምዕራቡ ዓለም ፈላስፎች ስለ እንስሳት ሲከራከሩ ብዙውን ጊዜ የሚያነሱት ሥቃይን ነው። እንግሊዛዊው ቤንታም ስለ እንስሳ ስናስብ መመዘን ያለብን የማሰብ ችሎታውን ሳይሆን የሥቃይ ስሜቱን ነው ብሎ ተከራከረ። ጀርመናዊው ካንት ደግሞ በእንስሳ ላይ የሚጨክን ሰው በሰው ላይ መጨከንንም ይለምዳል ብሎ ሰጋ። ሁለቱም ትልቅ ነገር ተናግረዋል። ነገር ግን በልቶ የጠገበ፣ ሐኪም የሚያየው፣ ጥላ ሥር የተኛ አንበሳ ቢሆንስ? አይሠቃይም እንበል። ተመልካቹም የሚጨክን አይደለም፤ እንዲያውም እየወደደው ነው የሚያየው። ታዲያ ችግሩ ምኑ ላይ ነው?

በእኔ ግምት ችግሩ ማየቱ ራሱ ጎዶሎ መሆኑ ነው። አንበሳ ማለት ጎፈርና ጥርስ ብቻ አይደለም። አንበሳ ማለት መቼ እንደሚታይና መቼ እንደማይታይ የሚወስን ፍጡር ነው። ሣሩ ውስጥ መሰወር፣ ንፋሱን ማሽተት፣ ሰው ሲመጣ ዘወር ማለት፣ እነዚህ ከአንበሳነቱ የተለዩ ነገሮች አይደሉም። ይህን ከእሱ ላይ አንስተን የቀረውን ለልጅ ስናሳይ "ይኸውልህ አንበሳ" ማለታችን በከፊል ውሸት ነው። ልጁ ያየው የአንበሳን ገላ ነው።

በአገራችን ልማድ ወዳጅን ቤቱ ሄደን እንጎበኛለን፤ እስረኛን ደግሞ እንጠይቃለን። ልዩነቱን ሁላችንም እናውቃለን። ወዳጃችን በሩን ሊከፍትልን ወይም "ዛሬ አይመቸኝም" ሊለን ይችላል፤ መክፈቱ ክብር የሚሆነው አለመክፈት ስለሚችል ነው። እስረኛ ግን እምቢ የሚልበት በር የለውም። ስለዚህ ወደ እስረኛ ስንሄድ ስንቅ ይዘን፣ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን፣ "አይዞህ" ለማለት ነው የምንሄደው። ወደታሰረ አንበሳ ስንሄድ ግን ይዘን የምንሄደው ካሜራ ነው። ተኝቶ ካገኘነው እናፏጫለን፣ እናጨበጭባለን፣ ጠጠር የሚወረውርም አይጠፋም። "ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ" ይባላል። እኛም በማያውቀን አንበሳ ፊት ቆመን "አግሳልን" እንላለን።

ስለዚህ የሚከተለውን መለኪያ ለራሴ አወጣሁ። ለማየት የሚገባው አውሬ ላለመታየት የሚችል አውሬ ነው። በሜዳው ላይ ቆሞ ቀና ብሎ ያየን ቆርኬ፣ ያየነው ፈቅዶልን ነው ባይባል እንኳ ሳይከለክለን ነው። ያች አንድ ደቂቃ ከአንድ ሰዓት የፍርግርግ ፊት ቆይታ ትበልጣለች።

ተመልካቹ የማያየው ሰው

አሁን አንባቢ "ነገሩ አለቀ፤ ሰንቀሌ ይሂዱ" ሊለኝ ይችላል። አላለቀም። ላለመታየት የሚችል አውሬ እንዲኖር የሆነ ቦታ፣ የሆነ ሰው መሬቱን መተው አለበት።

የሰንቀሌን ታሪክ ተመልከቱ። ቆርኬ በአንድ ወቅት ከሶማሌ ሜዳ እስከ ስምጥ ሸለቆ በብዙ መንጋ ይኖር ነበር። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ፣ በእኛ ታሪክ "ክፉ ቀን" በሚባለው ዘመን፣ ከብቱን የፈጀው የከብት ወረርሽኝ ለዱር እንስሳቱም አልራራም፤ ጠብመንጃና እርሻ ደግሞ የቀረውን አሳደዱት። ዛሬ ይህ የቆርኬ ዓይነት ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም። ሰንቀሌ በ1960ዎቹ መጠለያ ሲደረግ ዓላማው የቀረውን ማትረፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1974 ዘሩ በአንድ ቦታ ብቻ እንዳይቀር ታስቦ ከሰንቀሌ የተወሰዱ ቆርኬዎች ወደ አዋሽና ወደ ነጭ ሣር ተጓዙ። በአዋሽ አልቀው ጠፉ፤ በነጭ ሣርም እየመነመኑ ሄዱ። በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ሲመጣ ደግሞ የሰንቀሌው መንጋ ራሱ ከሺዎች ወደ መቶዎች ወረደ። ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ አገገመ።

በ1983 የሆነውን ለመረዳት የአራዊት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ለዓመታት "አትግባ፣ ከብትህን አታሰማራ" ሲባል የኖረ ገበሬ፣ ከልካዩ ሲጠፋ የገባው ወደ ገዛ ሣሩ እንደሆነ ተሰምቶት ነው። ቆርኬውን የጎዳው ቆርኬውን ጠልቶ ላይሆን ይችላል፤ ከእሱ ላሞች ይልቅ የቆርኬው ሆድ የታሰበለት መንግሥት ስላስቀየመው ሊሆን ይችላል።

የእኔ አጎት በሀዲያ ምዕራብ በኩል፣ ወደ ጊቤ በሚያወርደው ቆላ ያርሳሉ። ስለ ጉዞው ስነግራቸው ሳቁብኝ። "አውሬ ለማየት ብር ትከፍላላችሁ? ወደ እኔ በቆሎ ኑ፤ ዝንጀሮውን ቀን፣ ከርከሮውን ሌሊት በነጻ ታያላችሁ። እንዲያውም ለሚጠብቅልኝ ሰው እኔ ልክፈል።" ሳቃቸው ሲበርድ ግን አንድ ነገር ጨመሩ፤ በቆሎው ሲያሽት እንቅልፍ እንደማያገኙ፣ ማማ ላይ ወጥቶ የሚጮኸው ልጃቸው በማግስቱ ትምህርት ቤት ሄዶ እንደሚያንቀላፋ። በደጋውም ቢሆን የከምባታና የሀዲያ እናት ለዓመታት ያሳደገችውን እንሰት ጃርትና ፍልፈል ከሥሩ ሲጨርሱባት ዝም ብላ ነው የምታየው። የዱር እንስሳ ውበት ከሩቅ ለሚያየው ነው፤ ሒሳቡ የሚመጣው ለጎረቤቱ ነው።

ስለዚህ መለኪያዬ አንድ ጎን ይቀረዋል። አውሬው ላለመታየት መቻሉ አይበቃም፤ የእሱን ነጻነት በእንቅልፉና በሣሩ የሚከፍለው ሰው ከእኛ ጉዞ ምን አገኘ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። አውቶቡሳችን ምሳውን ከሆሳዕና ጭኖ፣ ውኃውን ከሆሳዕና ይዞ፣ ሰንቀሌ ገብቶ፣ ተዝናንቶ፣ ቆሻሻውን ጥሎ ቢወጣ፣ ለአካባቢው ገበሬ እኛና ከርከሮው በምን እንለያለን?

"ለድኃ ልጅስ?"

መምህሩ በቀላሉ የሚረቱ ሰው አይደሉም። ይህን ሁሉ ሳስረዳቸው የመለሱልኝ መልስ እስከ ዛሬ ያመራምረኛል። "አንተ የምትለው ለሀብታም ልጅ ነው" አሉኝ። "ሀብታሙ ዘንድሮ ባያይ ለከርሞ ይመለሳል። ለድኃ ልጅ ግን 'ምናልባት' የሚባል ነገር አይሰጥም። እሱ የሚፈልገው እርግጠኛውን ነው።"

ይህ እውነተኛ ተቃውሞ ነው። መጠበቅ ትርፍ ጊዜና ትርፍ ገንዘብ ላለው ሰው ይቀላል። በዚህ መንገድ ካየነው የከተማ መካነ እንስሳት የድኃው ሕዝብ ዱር ነው ማለት ይቻላል፤ ወደ ሩቅ ፓርክ በአውሮፕላን የማይሄድ ሰው በአውቶቡስ ትኬት ደርሶ የሚያየው። ይህን የምናጣጥል ሰዎች ብዙውን ጊዜ አማራጭ ያለን ነን።

መልሴ ሁለት ነው። አንደኛ፣ እርግጠኛ የሆነ ነገር ሁሉ ለድኃ ይጠቅመዋል ማለት አይደለም። ያ ልጅ ነገ የሚኖረው ከአውሬ ጋር ነው። ከሠላሳዎቹ ልጆች ገበሬ፣ የወረዳ ባለሙያ፣ መምህር የሚሆኑት ይበዛሉ። ስለ ሣርና ስለ ውኃ፣ ስለ ግጦሽና ስለ መጠለያ የሚወስኑት እነሱ ናቸው። አውሬ ማለት ፍርግርግ ውስጥ የሚቀመጥ ነገር ነው ብሎ ያደገ ልጅ፣ ነገ ፍርግርግ የሌለበትን አውሬ ሲያይ "ይህ እዚህ ምን ይሠራል?" ነው የሚለው።

ሁለተኛ፣ "ምናልባት" ሁልጊዜ ሩቅ አይደለም። ከሆሳዕና በስተ ምሥራቅ፣ እዚሁ ሀዲያ ውስጥ፣ በሻሾጎ ወረዳ ቦዮ የሚባል ሐይቅና ረግረግ አለ። በበጋው ወራት ከአውሮፓ ብርድ የሸሹ ወፎች የሚያርፉት እንዲህ ባሉ የአገራችን ረግረጎች ላይ ነው። በቦዮ በዓለም ላይ ቁጥሩ እየቀነሰ የመጣ አንድ ትልቅ ወፍም ይታያል፤ ቁመቱ ከጎረምሳ ትከሻ የሚስተካከል፣ አንገቱ ነጭ፣ ከአገጩ ሥር ሁለት ሥጋ የሚንጠለጠልበት። ከሩቅ አገር የሚመጡ የወፍ ወዳጆች ይህን ወፍ ለማየት ብዙ ገንዘብ ያወጣሉ። የሆሳዕና ልጅ ግን በጠዋት ወጥቶ ለምሳ ቤቱ መመለስ ይችላል። አንበሳ ለማየት ወደ ሰሜን የሚገሰግስ አውቶቡስ ጀርባውን የሚሰጠው ለዚህ ነው።

አንበሳ ካላየን የሚል ልጅስ ቢኖር? አጥሩ ለእንስሳው የተሠራበት ቦታም አለ። ቦርን ፍሪ የተባለው ድርጅት በሆለታ አቅራቢያ፣ በ77 ሄክታር መሬት ላይ "እንሰሳ ኮቴ" የሚባል ማዕከል አቋቁሟል። እዚያ የሚገኙት በሕገ ወጥ መንገድ ተይዘው ሲሸጡ ወይም በየግቢው ታስረው ሲሠቃዩ የተገኙ እንስሳት ናቸው። ወደ ዱር መመለስ የሚችለው ይመለሳል፤ የማይችለው እዚያው ሰፊ ግቢ ውስጥ ይጦራል። ከእነዚህ መካከል በምሥራቁ ድንበር አካባቢ ለዓመታት በአጭር ሰንሰለት ታስሮ የኖረ አንበሳ እንደነበረበት ይታወቃል። እንዲህ ያለው አንበሳም ታጥሮ ነው የሚኖረው። ልዩነቱ አጥሩ የሰው ዕዳ መክፈያ መሆኑ ነው። ወደዚያ የሚሄድ ልጅ በቋንቋችን "ጥየቃ" የሚባለውን ይማራል።

ዕቅዱ

እንግዲህ ለወላጆቹ ያቀረብኩት ወረቀት አጭር ነው። የመጀመሪያው ቀን ቦዮ፤ ከንጋት እስከ ረፋድ፣ ጫጫታ ሳይኖር። ሁለተኛው ቀን በሐላባ በኩል ወደ ሰንቀሌ፤ በመንገድ ላይ ልጆቹ በቤት ግድግዳ ላይ የተሣሉትን አራዊት እንዲያዩ ቆም ማለት። ምሳ እዚያው አጄ ላይ ከአካባቢው ሰው ይገዛል። አስጎብኚ የሚሆነን የዚያው አገር ሰው ይሆናል፤ ልጆቹም ስለ ቆርኬው ብቻ ሳይሆን ስለ ሣሩና ስለ ከብቱ እንዲጠይቁት ይደረጋል። አንበሳውን በተመለከተ፣ ከርሞ ገንዘብ ከተገኘ በቀጠሮ ወደ ሆለታ። በወረቀቱ ግርጌ ላይ ደግሞ ከመነሳታችን በፊት ለእያንዳንዱ ልጅ እንዲነገር አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፌያለሁ፤ "ምንም ላናይ እንችላለን።"

ከሁሉ ይበልጥ ያከራከረን ይህች የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ነች። "ልጅን እንዲህ ብለህ ትወስዳለህ?" ያሉ አሉ። እኔ ግን ከዕቅዱ ሁሉ የማትቀረው እሷ ናት እላለሁ። ምንም ላያይ እንደሚችል አውቆ የተነሳ ልጅ ሲደርስ አይጮኽም። ጭራ ሲንቀሳቀስ፣ ሣር ሲንኮሻኮሽ፣ የእግር ዳና ሲያገኝ ልቡ ይመታል። ካላየም "አልነበሩም" ሳይሆን "አልፈለጉም" ብሎ ይመለሳል። አንድ ልጅ ከእሱ ሌላ ያለ ፍጡርም የራሱ ፈቃድ እንዳለው ሲረዳ፣ ከብዙ የግብረ ገብ ክፍለ ጊዜ የሚበልጥ ነገር ተምሯል።

ቋንቋችን ይህን ጉዳይ አስቀድሞ ያወቀው ይመስላል። በአማርኛ "መጠበቅ" የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም አለው፤ አንድ ነገር እስኪመጣ ድረስ መቆየት፣ ደግሞም አንድ ነገር እንዳይጠፋ መከላከል። ማማ ላይ የሚያድረው የአጎቴ ልጅ ይጠብቃል፤ በረግረጉ ዳር ትንፋሹን ውጦ የተቀመጠውም ልጅ ይጠብቃል። እስኪመጣ መጠበቅን ያልተማረ ትውልድ፣ እንዳይጠፋ መጠበቅን ከየት ያመጣዋል?